የጀልባዎቹ ሸራና ያልጻፍኳት «ትንሽ»

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በሥራ ድርሻዬ ነው። በ1993 ዓ.ም. ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የክልል መሥሪያ ቤት የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሁለት የነፍስ አድን ጀልባዎች በጭነት መኪና መጡልን። የተላኩት ዋቢ ሸበሌ ሲሞላ በደቡቡ ወረዳዎች ሰው ለማሻገር ነበር፤ ነገር ግን የሚያንቀሳቅሳቸው ሠራተኛ እስኪመደብና ማጓጓዣ እስኪገኝ ድረስ በእኛ ግቢ እንዲቆዩ ተወሰነ።

ጅግጅጋ እንኳን ጀልባ ሊንሳፈፍባት፣ የሚጠጣውንም ውሃ ከቦቴ የምትጠብቅ ከተማ ነበረች። አላፊ አግዳሚው አጥሩን ተደግፎ ጀልባዎቹን ሲያይ ይቆይ ነበር። አንድ ነጋዴ ዘበኛችንን፣ ባሕሩስ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ቢጠይቀው፣ ዘበኛው ኃላፊው ደብዳቤ ጽፎበታል፣ መልሱ እየተጠበቀ ነው ሲል መለሰለት አሉ። ቀልዱ በእኔ ላይ መሆኑን አውቄ አልተቀየምኩም። ደብዳቤዬ ሳይታረም የሚፈረምልኝ ሰው ነበርኩ፤ ይህም በመሥሪያ ቤታችን ቀላል ነገር አልነበረም።

ጀልባዎቹ አዲስ አልነበሩም፤ ሸራዎቻቸው ደግሞ ከእነርሱም ያረጁ ነበሩ። ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ የነበረ፣ በየእጥፋቱ ነጥቶ ያለቀ። ካራማራን ሲወጡ ንፋሱ የአንዱን ጠርዝ ከገመዱ አላቅቆት ነበር። እኔ ራሴ አንዱን ጥግ ወደ ፀሐይ አንሥቼ ብመለከተው ብርሃን በነጥብ በነጥብ ያሳልፋል። ግምጃ ቤቱ በእህል ከረጢት ስለተሞላ ሞተሮቹ፣ ገመዶቹና የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹ እዚያው ጀልባዎቹ ውስጥ መቀመጥ ነበረባቸው። ስለዚህ በንብረቱና በዝናቡ መካከል ያለው ያ ሸራ ብቻ ነበር። አዲስ እንዲገዛ ጠየቅሁ፤ ባላችሁ ተጠቀሙ ተባልኩ። የበላይ ኃላፊያችን ጠርቶኝ የሚያዝያ ዝናብ ሳይጥል አሮጌዎቹን ውሃ እንዳያስገቡ አድርጌ እንዳሳድስ አዘዘኝ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። በሐረር መንገድ፣ የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት አጠገብ የመኪና ሸራ የሚሰፋ፣ ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ ሱማሌ ነው። በወጣትነቱ በርበራ ወደብ ላይ የመርከብ ሸራ ይሰፋ ነበር። ሁሉም አደር ይለዋል፤ በሱማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኔም አደር እለው ነበር። እርሱ ግን አማርኛን የተማረው ከሾፌሮችና ከወታደሮች ስለሆነ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚለው፤ የበላይ ኃላፊውንም ጭምር። በሱማልኛ የመኪናው ልባስም የመርከቡ ሸራም ስማቸው አንድ፣ ሽራዕ እንደሆነ የነገረኝ እርሱ ነው። ባሕር ላይ ንፋስ ይይዛል፣ መሬት ላይ ዝናብ ይይዛል፣ ሥራው መያዝ ነው ይል ነበር።

ሥራውን በግቢያችን ጀመረ። ሸራዎቹ መጀመሪያ መታጠብ ስለነበረባቸው ከግምጃ ቤት አንድ ካርቶን ሳሙና አስወጥቼ ላክሁለት፤ ሳይከፍተው መለሰልኝ። ሳሙና በክሩ ውስጥ ይቀርና ውሃ ይጠራል አለ። በደረቅ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ ፈትጎ በአጥሩ ላይ አሰጣቸው። ከዚያ ሰሙን አዘጋጀ። የሻማ ፍርፋሪና የንብ ሰም በጣሳ ያደርጋል፤ ጣሳውን በፈላ ውሃ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲቀልጥ ከእሳቱ ርቆ በአኳራጅ ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻ ጥቂት የተልባ ዘይት ያክልበታል። ቀትር ላይ ሸራውን በጋለ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ በቀለም ብሩሽ ይቀባዋል። ቀዝቃዛ ሸራ ሰም አይጠጣም ይል ነበር፤ ከላይ ይጋገርበትና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

የግምጃ ቤታችን ሠራተኛ፣ አያቷ ከድሮ ወታደሮች ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ የከተማዋ ልጅ፣ ሽታውን አልወደደችውም። «ጋሼ፣ ፋይሉ ሁሉ ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ መሥሪያ ቤት?» አለችኝ። አደር በመስኮቱ ሰምቶ ኖሮ፣ መስጊድም እንዲህ አይሸትም፣ ሁለታችንም እንታገሥ ብሎ አሳቃት።

ሁለቱም ሸራዎች ተቀብተው ካለቁ በኋላ አደር ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ አኳራጁ ተንኖ ሰሙ እስኪጸና ዐሥር ቀን ፀሐይ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ስፌቱ ለብቻው ሥራ ነው፤ መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ ከቀለጠው ሰም ሌላ በደረቅ የንብ ሰም መታሸት አለበት። ይህንን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ «ዐሥር ቀን፤ ስፌት ለብቻ» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሕፈት።

በስድስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጧት፣ የበላይ ኃላፊው አስጠራኝ። ዓርብ ዕለት ጀልባዎቹን የሚያይ ልዑክ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሐሙስ ከቀትር በፊት ሸራዎቹ ተፈትሸው ብቁ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ ላግኝ አለኝ። ስለ ዐሥሩ ቀን ልነግረው አሰብኩ። አልነገርኩትም። ወረቀት በቀኑ አላቀረበም የተባልኩበት ጊዜ አልነበረም።

አደር ፍተሻውን በዚያው ረቡዕ አመሻሹ ላይ አዘጋጀ። ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ከግራሩና ከአጥሩ ምሰሶዎች ጋር አስሮ መሐሉ ረገብ እንዲል አድርጎ አንጠለጠለው፤ መካከሉ ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ አፈሰሰበትና ሄደ። ደንቡ ሲነጋ ከሥሩ ማየት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ሸራው ያዘ ማለት ነው፤ ከረጠበ አልያዘም።

ሐሙስ ጧት የወረቀቱን ረቂቅ ጀምሬ ነበር። የኃላፊው ተላላኪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ደረሰኝ ልታስፈርመኝ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጣለች። አደር እጁን በሽርጡ እያበሰ ብቅ አለና ከደጃፉ ሳያልፍ፣

«አልፏል፤ ትንሽ» አለኝ።

«ጥሩ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ «ሸራው በውሃ ተፈትኖ አልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

በአማርኛችን የሚያልፍ ነገር ብዙ ነው። ተፈታኝ ፈተናውን ያልፋል፤ ውሃም በጨርቅ ያልፋል። ባለቤቱን ሳይጠሩ «አልፏል» ማለት ይቻላል፤ ማን እንዳለፈ የሚያውቀው ሰሚው ነው። አደር ያለፈው ውሃው ነው ማለቱ ነበር። እኔ ሸራው ነው ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ስሕተት ነው ብዬ ራሴን ነጻ ባወጣሁ ነበር። ነገር ግን «ትንሽ» ብሏል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ፈተና ትንሽ አይታለፍም። ውሃ ግን ትንሽ ያልፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህንን ለመለየት ሰከንድ አይፈጅበትም፤ እኔም አልፈጀብኝም። ቃሏን ተውኳት።

ወዲያው ሠራተኞች ጠርቼ ሸራዎቹ በጀልባዎቹ ላይ እንዲታሰሩ አደረግሁ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አደር ከገበያ ተመለሰ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የንብ ሰም በእጁ ይዟል፤ «ጥሩ» ስለው ሥራህን ጨርስ ያልኩት መስሎት ለስፌቱ ሰም ሊገዛ ሄዶ ኖሯል። የታሰሩትን ሸራዎች አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ገና በጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ተላላኪው ሊወስደው የባለሙያው ፊርማ ብቻ ይጠበቅ ነበር።

ልዑክ እንደሚመጣና ለጊዜው እንደታሰረ ነገርኩት። ከዚያም ወረቀቱን አነበብኩለት፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም ነበርና። ሳነበው ፈጠን አልኩ።

«አልፏል ብለህ ጻፍክ?» አለኝ።

«ጽፌያለሁ።»

«ደግ። እንዲያውቁት ጥሩ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ጥራኝ፣ ስፌቱን እጨርሰዋለሁ።»

እና ፈረመ። ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ አይረሳኝም፤ ሸራው እንደሚያፈስ በሐቅ የተጻፈ ወረቀት ላይ የፈረመ መስሎት ነበር። ሰሙን በጋዜጣው እንደተጠቀለለ በመስኮቴ ደፍ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ልዑኩ ዓርብ መጣ፣ አየ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ቅዳሜ አደርን ልጠራው እችል ነበር። ግን ሸራው ብቁ ነው ተብሎ ከተፈረመ በኋላ ባለሙያውን ለምን መልሰህ ጠራኸው የሚል ጥያቄ ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት እጠራዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናቡ ገባ።

ከጀልባዎቹ አንደኛውን ከቢሮዬ መስኮት አየው ነበር። ሸራው መሐል ላይ ረገብ ብሎ ስለነበር ሌሊት የዘነበው እዚያ ይጠራቀማል። ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ሳየው፣ ይዟል እኮ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ያ የተኛ ውሃ ሰማዩ ደመና በሆነበት ቀንም ሳይቀር ከሰዓት ሰዓት ይቀንሳል። ፀሐይ ነው የሚመጥጠው ብዬ ተጽናናሁ። የትኛው ፀሐይ እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም።

ግንቦት ላይ ወንዙ ሞላ፣ ጀልባዎቹ በአስቸኳይ ይላኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሸራዎቹ ሲፈቱ በሁለቱም ጀልባዎች ውስጥ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ተኝቷል። ሞተሮቹ ዝገዋል፤ ሰደርያዎቹ ሻግተው ሲያነሷቸው ይበጠሱ ነበር። ውሃው የገባው በስፌቱ ርዝመት ሁሉ ነው፤ ከውስጥ በኩል መርፌ የወጋበት እያንዳንዱ ቦታ ጥቁር ነጥብ ሠርቷል። ጀልባዎቹ ሳይሄዱ ቀሩ። ሕዝቡ በአካባቢው በተገኘ ነገር ተሻገረ ተባለ። በዚያ ምክንያት የጠፋ ሕይወት መኖሩ አልተነገረንም፤ እኔም አጥብቄ አልጠየቅሁም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። አደርን በሱማልኛ ሊጠይቀው ጀመረ። አደር ግን ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ እኔም በአማርኛ እመልሳለሁ አለ፤ አማርኛውን ይኮራበት ነበር። ሸራው ብቁ ነው ብለህ ፈርመሃል ወይ ተባለ።

«እኔ ያልኩት አልፏል ነው። እሱ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። ያው ነው፣ ጠይቁት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ዓይኑ ውስጥ ስጋት አልነበረም። ምስክሩ እኔ ስለሆንኩ ተማምኖ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያው አልፏል ብሎዎት ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«የሚጨምሩት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ከዚያ ስብሰባ ስንወጣ የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ በኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ብሎ ነበር እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። ሰምተሻል ወይ ብላት፣ «እኔማ ሰምቻለሁ። የተጠየቁት ግን እርስዎ ነዎት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብላኝ አታውቅም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ «አቶ» ብላ ከነስሜ ትጠራኝ ነበር፤ በትሕትና፣ አንድም ቀን ሳታጓድል።

ውሳኔው ሰኔ 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ተሰጠ፦ ባለሙያው ጉድለት ያለበትን ሥራ ብቁ ነው ብሎ በማረጋገጡ ለሦስት ዓመት ከማናቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ታግዷል። ደብዳቤው እንዲረቀቅ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነው። አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። በግልባጭ ከተላከላቸው መካከል የጭነት መኪና ባለንብረቶች ነበሩ፤ በወር ውስጥ ሾፌሮቹ አደርን «ወንፊት» ማለት ጀመሩ። በመኪናቸው መስኮት ብቅ እያሉ፣ ወንፊቱ፣ ዱቄት እንንፋበት ወይ ይሉታል። ከመንግሥት ሥራ መታገዱ ብዙም አልጎዳውም ነበር፤ ስሙ ግን እንጀራው ነበር። ዝናብ ሳይመለስ የስፌት መርፌዎቹን ይዞ፣ ቤተሰቡን ጅግጅጋ ትቶ ወደ አይሻ ሄደ ተባለ። ያቺ በጋዜጣ የተጠቀለለች ሰም በመስኮቴ ደፍ ላይ በፀሐይ ቀልጣ ጋዜጣውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቃው ነበር። ፍቄ አላነሣኋትም።

በኅዳር 1996 ዓ.ም. ለንብረት ቆጠራ ወደ አይሻ ተላክሁ። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ የጅቡቲ መኪናዎች ለእረፍት ከሚቆሙበት ቦታ፣ በግማሽ ሸራ ጥላ ሥር አገኘሁት። አርጅቷል። የተሳቢ መኪና ሸራ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲባጎውን በሰም እያሸ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጸሐፊው መጣ» አለ፤ ቁጣም ደስታም በሌለው ድምፅ። ሻይ አዘዘልኝ።

በመንገድ ሳሰላስለው የመጣሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ አልፏል የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ ትንሽ ማለቱን መስማቴን፣ ቢሆንም አለመጻፌን። መርፌውን ሳያቆም አዳመጠኝ።

«ሁልጊዜ አማርኛዬ መጥፎ ነው እል ነበር» አለ። «ልጆቼንም እንደዚያ አልኳቸው። አባታችሁ አንድ ቃል አጣመመ፣ ሥራው ሄደ አልኳቸው። ለካ የኔ አማርኛ ደህና ነበር።»

ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ጠየቅሁት። ይቅርታውን ለአላህ እንተወው፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው አለ።

«ጻፈው። እገዳው በሰኔ ያልቃል፤ ከሰኔ በፊት ጻፈው። ካለቀ፣ ሰውዬው ቅጣቱን ጨረሰ ይላሉ። ከተነሣ ግን ሰውዬው አልዋሸም ይላሉ። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልኩት።

«አንተ ቃል ታውቃለህ» አለና የሲባጎውን ጫፍ በጥርሱ በጠሰው።

ጊዜው ሰባት ወር ነበር። ጅግጅጋ እንደተመለስኩ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፍኩ። «በቋንቋ አለመግባባት ምክንያት» ይል ነበር፤ አለመግባባት አልነበረምና ቀደድኩት። ሁለተኛው «በሥራ ጥድፊያ» ይላል፤ እርሱንም ቀደድኩ። አንዱ በጣም ረዘመ፣ አንዱ ራሴን ከሚገባው በላይ የሚወቅስና በዚያው ምስጋና የሚፈልግ መሰለኝ። ለትክክለኛነት ስል ነው የዘገየሁት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። የዚያችን ሐሙስ ወረቀት ለመጻፍ ግን ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም ነበር። ቱሊ ጉሌድ ለሥራ ስሄድ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ፣ የበጀት መዝጊያ ሲቃረብ፣ ረቂቁ ከመሳቢያ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ መሳቢያ ይመላለስ ነበር።

በመጨረሻ ግንቦት 27 ቀን አራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ባለሙያው ውሃው በጥቂቱ እንዳለፈ ነግሮኝ ነበር። እኔ ሸራው ፍተሻውን አለፈ ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ የሚለውን ቃል ሰምቼ ሆን ብዬ ተውኩ። በአጣሪ ኮሚቴው ፊት ተጠይቄም የምጨምረው የለም አልኩ። ስፌቱን ሊጨርስ ሰም ገዝቶ እንደነበረም በአባሪነት አስፍሬ፣ እገዳው እንዲነሣና ግልባጩ ቀድሞ ለተላከላቸው ሁሉ እንዲደርስ ጠየቅሁ። መዝገብ ቤት የወሰድኩት ራሴ ነኝ። የመግቢያ ቁጥር የሰጠችኝ ያችው የቀድሞዋ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውራ ነበር። ቆማ አነበበችው። ማኅተሙን ከመምታቷ በፊት ቀኑን በጣቷ አሳየችኝና መታችው።

መልሱ በዚያው ወር አልመጣም። አደር በሰው መልእክት ላከብኝ፤ ጸሐፊው ጻፈ ወይ የሚል ብቻ። ጽፌያለሁ አልኩ፤ መቼ እንደሆነ አልነገርኩም።

መልሱ ሲደርሰኝ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። በእኔ ላይ የተወሰደ እርምጃ አልነበረም። ደብዳቤው ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ይልና እንዲህ ይደመድማል፦ «በባለሙያው ላይ የተጣለው የሦስት ዓመት እገዳ ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ በጉዳዩ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ የለም።» ሰኔ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.።